አልገጥም ያሉ ፊደላት

አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወገዳ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል ማለት ይቻላል። በገበያ ቀን ስወጣ ድንች የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር «ቲቸር» ብላ ነው የምትጠራኝ። ልጇን ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው መምህር ነበር የማስተምረው። የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ እሰቅልና በረጅም ዘንግ እየጠቆምኩ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ስል ልጆቹ በዜማ ይከተሉኛል። ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢሰማን ትምህርቱ የገባቸው ይመስለዋል። ግን ከመሃል አንዷን ፊደል ነጥዬ «ይቺ ማን ናት?» ስላቸው ግማሾቹ ከመስመሩ መጀመሪያ እየዘመሩ ካልመጡ አያገኟትም። የሚያውቁት ዜማውን ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት ደብረ ታቦር ለስልጠና ተጠራን። አሰልጣኟ ገበታውን በሙሉ ማስጮኹን ተዉት አለችን። ጥቂት ፊደል ብቻ አስተምሩ፣ ልጁ የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ይስማ፣ ከዚያ ወዲያው ድምፅን ከድምፅ ማጣመር አስለምዱት፣ ሁለት ፊደል ያወቀ ልጅ የዚያኑ ቀን አንድ ቃል ያንብብ አለች። ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ስመለስ አስተማሪነቴን ሁሉ በእሱ ቀየርኩት።

ቀኝ መዳፌን እዘረጋና «ላ» እላለሁ። ግራዬን እዘረጋና «ም» እላለሁ። ከዚያ ሁለቱን መዳፎቼን ቀስ እያልኩ አቀራርባቸዋለሁ። ልጆቹም ዓይናቸውን እጄ ላይ ተክለው «ላ… ም፣ ላ… ም፣ ላ.. ም» እያሉ ድምፁን ያቀራርባሉ። መዳፎቼ ሲገጥሙ «ላም!» ብለው ይጮኻሉ። ላም እኮ እያንዳንዳቸው ቤት አለች፣ ጠዋት ሲመጡ አልፈዋት ነው የመጡት። ግን ከሰሌዳ ላይ ስትወጣላቸው ያን ቀን የተወለደች ይመስል ይገረሙባታል። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። በእርግጥ ቀላል አይደለም። ለብቻዋ ስትጠራ «ት» ጎትተው ስለሚጠሯት «ቤት» የሚለውን «ቤ ትእ» ብለው ያነቡታል። «አለ» ሲመጣ መናገር ይሁን መኖር ይምታታባቸዋል፣ ፊደሉ አይነግራቸውምና። ቢሆንም ለገና አብዛኞቹ ያጣምራሉ፣ ለፋሲካ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ። ወላጆች መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩን «ልጃችንን እሷ ክፍል ያድርጉልን» ብለው ይለምኑት ጀመር።

ልጄ ለትምህርት የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዬ ናት። አፏን የፈታችው ቶሎ ነበር፤ ከፈታች በኋላም አልዘጋችውም። አያቷ የነገሯትን ተረት አንድ ቃል ሳትስት መልሳ ትናገራለች። ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማችውን መዝሙር የዚያኑ ቀን ማታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዘምረዋለች። ባለቤቴ ወረዳው ግብርና ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀበሌ ነው የሚውለው። እቤት ሲመጣ ወሬውን ሁሉ የሚሰማው ከእሷ ነበር። «ይቺ ገና ስትገባ ነው የምታነበው» ያላለን ጎረቤት የለም። እኔም ከዚያ ሌላ አላሰብኩም። ሌላ መምህር ክፍል ማስገባት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን በገዛ እጄ ላስነብባት ብዬ እኔ ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስንይዝ ደህና ነበረች። «በ»ን ከ«ሰ» ጋር ታምታታለች፤ ሁሉም ልጅ ያምታታል። ማጣመር ስንጀምር ነው ነገሩ የመጣው። መዳፌን ዘርግቼ «ላ» አልኩ፣ «ላ» አለች። «ም» አልኩ፣ «ም» አለች። እጆቼን አገጣጠምኳቸውና «አንድ ላይስ?» አልኳት። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «በሬ» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች።

ገና አለፈ። ሌሎቹ ተራ በተራ ማጣመሩ ሲገባቸው አያለሁ፤ እሷ እንደዚያው ናት። ከዚያ ድንገት መጽሐፉን ታነብ ጀመር። ገጹን ዘርግታ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ «እናቴ ገበያ ሄደች፣ ስትመለስ ሸንኮራ አመጣችልኝ» እያለች ሳታደናቅፍ ትወርደዋለች። እፎይ አልኩ። አንድ ጠዋት ግን ጣቷ «ገበያ» ላይ ቆሞ አፏ «ሸንኮራ» ሲል አየሁ። መጽሐፉን ዘጋሁና ከዚያው ታሪክ አንድ ቃል ብቻ ነጥዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላት። «ገበያ» ነው የጻፍኩት። እሷ ሰሌዳውን አላየችም፤ እኔን እያየች «እናቴ ገበያ ሄደች፣ ስትመለስ…» ብላ ጀመረች።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሲታይሽ ምን ይታይሻል?»

«ፊደሎቹ።»

«ማን ማን ናቸው?»

«‹ገ›… ‹በ›… ‹ያ›።» አንዱንም አልሳተችም።

«ታዲያ አንድ ላይ በያቸዋ።»

ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «‹ገ› እላለሁ። ከዚያ ‹በ› እላለሁ። ሁለተኛውን ስል የመጀመሪያው ይጠፋብኛል።»

«የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለችና ትከሻዋን ሰብቃ ቦርሳዋን አነሳች። ሳትጨነቅ ነበር የተናገረችው። ሌሎቹ ልጆችም እንደዚያ የሚሆኑ ነበር የሚመስላት።

ባለቤቴን ስነግረው «ምን ያስቸኩልሻል? እኔም ማንበብ የጀመርኩት ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው» አለኝ። በዚህ አንድ ዓመት ተጽናናሁ። በታችኛው ክፍል ልጅ አይደግምም፤ እሷም ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጓደኞቿ አነበቡ፤ እሷ ያነበቡትን ሰምታ በቃሏ ትይዛለች።

አያቷ፣ አማቴ፣ ነገሩን የሰሙት ያኔ ነው። ልጅቷን አዩዋት። «ልጄ፣ ይሄ ዓይነ ጥላ ነው» አሉኝ። «አፏን እንዲህ የፈታች ልጅ ፊደል እንዴት ይከብዳታል? ጠበል አስገቢያት።»

«እማማ፣ የሚረዳት ከሆነማ ይውሰዷት» አልኳቸው። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ስር ነው። በባዶ ሆድ፣ በብርድ፣ ገና ፀሐይ ሳይወጣ እንወርዳለን። ውኃው ሲያርፍባት ትንፋሿ ይቆረጣል፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትጸልያለች። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «አምላኬ፣ የመጀመሪያውን ያዝልኝ፣ ሁለተኛውን እኔ እይዘዋለሁ» ነው የምትለው። ሱባዔውን ጨርሰን ወደ ቤት ስንመለስ ያው «ገ» እና «በ» ናቸው።

ከዚያ ደብረ ታቦር ወስጄ አስመረመርኳት። የዓይን ሐኪሙ ፊደል ለማያውቅ ሰው የሚያሳዩትን ምልክት አቆመላት፤ በላይ፣ በታች፣ በግራ፣ በቀኝ እያለች እስከ መጨረሻዋ ትንሽ መስመር ድረስ በእጇ አሳየች። ደስ ብሏት ወደ እኔ ዞር እያለች ነበር፤ አንድ ፈተና ሙሉ በሙሉ አልፋ አታውቅማ። «የንስር ዓይን ነው ያላት» አለኝ ሐኪሙ። ጆሮዋንም አዩት፣ ደህና ነው። ልጅሽ ጤነኛ ናት ሲሏት ከሆስፒታል አልቅሳ የወጣች እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መነጽር አድርጊላት ቢሉኝ፣ ጠብታ ቢያዙልኝ ምንኛ በወደድኩ።

በመጨረሻ አብራኝ የተማረችና አሁን ባሕር ዳር ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የምታስተምር ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «ስም አለው» አለችኝና የፈረንጅ ስሙን ጠራችልኝ። ስንፍናም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም፣ አንዳንድ ልጅ አእምሮው ድምፁን ከፊደሉ ጋር አስሮ ማቆየት ይቸግረዋል አለች።

«ይድናል?»

«በሽታ አይደለም እኮ። ቶሎ የደረሰለት ባለሙያ ካለ፣ በየቀኑ ለብቻዋ ከተሠራላት፣ ይሻሻላል። ብዙውን ጊዜ።»

«ባለሙያው የት አለ?»

«እናንተ አካባቢ እንጃ» አለችና ቆየት ብላ፣ «አንቺው ነሽ እንግዲህ» አለችኝ።

ያን ቀን ይሄ ቃል ደስ ነበር ያለኝ።

ብዙ ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋ። የተኩስ ድምፅ በሩቅ ይሰማል፤ ልጆች ከቤት መውጣት አቆሙ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። እኔም እቤት ዋልኩ። ጓደኛዬ በስልክ የነገረችኝን ሁሉ አሰብ አሰብ አደረግኩና ጠዋት ጠዋት ከልጄ ጋር መሥራት ጀመርኩ። ሰፌድ ላይ የገብስ ዱቄት በትኜ ፊደሉን በጣቷ እያስጻፍኩ ድምፁን አስብላታለሁ። ጭቃ አቡክተን ፊደሎችን ሠራን፣ ፀሐይ ላይ አደረቅናቸው። «ቤ»ን በእጇ ይዛ ወደ «ት» እያንሸራተተች፣ «ቤ…» የሚለውን ድምፅ ሳታቋርጥ ጎትታ ከ«ት» ጋር እንድታላትመው አደርጋለሁ። እጇን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ ድምፁ ሲንቀሳቀስ እንድትዳስሰው አደርጋለሁ። ነገሩ ጨዋታ ስለሚመስላት መጀመሪያ ወዳው ነበር። አንዳንድ ቀን «ቤት» ትላለች፣ «ላም» ትላለች። በማግስቱ የለም። ከዜሮ እንጀምራለን። እኔም ዱቄቱን አስተካክዬ እንደ አዲስ እበትነዋለሁ።

ትንሹ ወንድሟ ያኔ ትምህርት ቤት አልገባም። እኛ ስንሠራ እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በቆርኪ ይጫወታል። አንድ ጠዋት «ሰ»፣ «ማ» እና «ይ»ን ደርድሬላት፣ እሷ በላብ ተጠምቃ «ሰ… ማ…» እያለች፣ ከመጀመሪያው እየጀመረች፣ እየጠፋባት፣ ከኋላችን «ሰማይ» የሚል ድምፅ መጣ።

ዞርኩ። ልጁ ቀና እንኳ አላለም፤ ቆርኪውን እየደረደረ ነው።

«ምን አልክ?»

«ሰማይ ነዋ።»

ሌላ ቃል በዱቄቱ ላይ ጻፍኩ። ተነስቶ መጣና አነበበው። ሌላም ጻፍኩ፤ አነበበው።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«እናንተ» አለኝ።

ልጄ የጭቃ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ወደ እሱ ገፋቻቸው። «እሱን አስተምሪው» አለችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትዬ ስወጣ የባሕር ዛፉን ቅርፊት እየላጠች አገኘኋት። አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ እሱ ቤት ካለ አልቀመጥም ስላለችኝ ጠዋት ጠዋት ወደ ጎረቤት እልከው ጀመር። እሱ ግን መንገድ ላይ ያገኘውን ካርቶን ሁሉ እያነበበ ነበር የሚመለሰው።

ነገሩ ትንሽ ረገብ ሲልና ገበያው እንደገና ሲቆም አንድ ቀን ይዣት ወጣሁ። መስጊዱ ሰፈር ያለውን ዳቦ ቤት ስናልፍ ቆመች። ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቶ በነጭ ተጽፎበታል። «ዳ…» አለች። እጄን ጭብጥ አደረገችው። «ቦ… ዳቦ! እማ፣ ዳቦ!»

በሰው ፊት እቅፍ አድርጌ አነሳኋት። ባለ ዳቦ ቤቷ ሙስሊም ጎረቤታችን ናት፤ ምን ሆናችሁ ብላ ወጣች። «ልጄ አነበበች» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ!» አለችና ገብታ ትኩስ ዳቦ አመጣችላት። ያን ቀን ልጄ ዳቦውን ሳትበላው በጨርቅ ይዛው ዋለች። እኔ ባለቤቴ ያለበት ቀበሌ ድረስ ደወልኩ። አማቴ እልል አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ በጠመኔ «ዳቦ» ብዬ ጻፍኩና ጠራኋት። ቆማ አየችው። «ዳ» አለች። «ቦ» አለች። እንደገና «ዳ» አለች። ፊቴን አየችኝ። «ቤት?» አለች።

የትናንቱን በአፍንጫዋ ነበር ያነበበችው። ትኩስ ዳቦ ሸትቷት ነበር። እሷም ይሄንን ከእኔ ጋር እኩል ነው ያወቀችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። በእጄ ጠመኔውን ጠረግኩና «ግድ የለም፣ ቁርስሽን ብዪ» አልኳት።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ልጆቹ ቤት ውለው የነበረውንም ረስተዋል፤ እንደገና ጀመርን። እነሱ ግን ያጣምራሉ። ከሩቅ በእግሩ የሚመጣ፣ ቁርስ ያልበላ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ወረቀት የሌለ ልጅ በወር ከምናምን ውስጥ «ላም» ብሎ ይጮኻል። ድሮ ደስታዬ የነበረው ያ ጩኸት አሁን ይወጋኛል። «ጎበዝ» እለዋለሁ፤ ልጁም ጎበዝ ነው። ግን ለምን አንተ እላለሁ በሆዴ።

አባቴ ጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ ነው ያሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደልና ንባብ ያስተማሩ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ በአካባቢው ሰው ዘንድ የኔታ ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ልጄን ይዤ ሄድኩ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ቀሪውን በእግር ነበር። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ መሃል አትቀመጥም፤ እሳቸው ግን ከቤታቸው ደጃፍ ለብቻዋ ሊያስተምሯት ተስማሙ። «በእኔ በኩል አይጨነቁ አባባ፣ እንደ ፈለጉ ያድርጓት» ብያቸው ተመለስኩ።

እኔ መዳፍ ነበር የማገጣጥመው። እሳቸው ደግሞ በቀጭን ስንደዶ ፊደሉን እያስያዟት፣ አንድ ቃል እየቆጠረች መቶ ጊዜ እንድትመላለስበት አደረጉ። ክረምቱን ሙሉ አልሰለቻቸውም። ልወስዳት ስሄድ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት፤ አጥር ማዶ ተማሪዎቹ የሚሉትን የግዕዝ ጸሎት በቃሏ፣ በዜማው፣ ያለ ስህተት እያለች ነበር። ደነገጥኩ። አባቴን በተስፋ አየኋቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ ስንቱን አስነብቤያለሁ። ይቺን አልቻልኳትም» አሉኝ።

«ጸሎቱን ሰማሁት እኮ፣ አባባ።»

«በጆሮዋ ነው። አንዴ ከሰማች አይወጣም። ፊደሉ ግን አይረጋላትም። ስንደዶውን ካነሳሁ ያለችበትን አታውቀውም።»

«እንዲህ ያለ ልጅ አይተው ያውቃሉ?»

«አይቻለሁ። ወንድ ሲሆን በቃሉ ብቻ ዜማ ይዞ ማኅሌት የቆመ አውቃለሁ፤ ሰውም አላወቀበት።» ልጄን አዩዋት። «ሴት ልጅን ግን የት ላቁማት?»

ስንወጣ ግንባሯን ሳሙትና ለመንገድ ስንቅ ዳቤ ሸክፈው ሰጧት። መንገዱን ሁሉ ያንን ጸሎት እያለች መጣች፤ ወገዳ ስንደርስ አቆመች።

አራተኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ አዲስ የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ግን አያውቅም፤ እኔም ልንገረው ስል «እንዳትነግሪው» ብላ አስምላኝ ነበር። ተማሪዎቹን በተቀመጡበት ተራ እያስነሳ አንድ አንድ አንቀጽ ያስነብባል። እሷ የሚደርሳትን አንቀጽ ከፊት ቆጥራ ታውቀዋለች፤ ማታ ወንድሟን ታስነብበውና በቃሏ ትይዘዋለች። እንዲህ እያደረገች ከመስከረም እስከ ጥር ስትዘልቅ እኔ እንኳ አላወቅሁም። አንድ ቀን አስተማሪው ከኋላ ወንበር ጀመረ። ተራዋ ሲደርስ ተነሳችና የሸመደደችውን አንቀጽ፣ የሌላ ልጅ የነበረውን፣ በጥሩ ድምፅ፣ ጣቷን እያስኬደች ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረደችው። ከዚያ አንዱ «የቲቸር ልጅ!» አለና ሁሉም ሳቁ።

ይህን የነገረኝ አስተማሪው ራሱ ነው፤ እያዘነ። እሷ ቦርሳዋን አልጋ ስር አስገብታ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት «ተነሺ፣ ይረፍድብሻል» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ዛሬ ብቻ ቅሪ እሺ። ነገ አብረን እንሄዳለን። ያንን ምዕራፍ እኔና አንቺ ቀስ ብለን…»

«እማ» አለችኝ። ተነስታ ተቀመጠች። «አንቺ ስሳሳት አትቆጪኝም።»

«አልቆጣሽም። መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። ‹አንድ ላይስ?› ብለሽ ስትጠብቂኝ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አታይውም። ከዚያ ስሳሳት ‹ግድ የለም› ትያለሽ። ግድ አለው። እኔ በየቀኑ ላሳዝንሽ አልችልም። እባክሽ ተይኝ።»

ባለቤቴ መጥቶ ለመናት። ርዕሰ መምህሩ ቤት ድረስ መጥቶ አናገራት፤ በትህትና ሰማችውና ሲሄድ የተቀመጠበትን ወንበር አነሳች። አልሄደችም። እኔ ከባለቤቴም ከርዕሰ መምህሩም ይልቅ ልገፋት የምችለው ሰው ነበርኩ፤ ግን አልገፋኋትም። የምገፋበት አዲስ ነገር እጄ ላይ አልነበረም። ድምፁን አስተምሬያት ነበር፣ ዱቄቱንም ጭቃውንም ሞክሬ ነበር፣ ወደ ጠበሉም ወደ አባቴም ወስጃት ነበር። ባሕር ዳር ያለችው ጓደኛዬ አንዳንዴ ትደውላለች፤ «እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደህና ናት» እላታለሁ፤ ሁለታችንም ወሬ እንቀይራለን።

አሁን ልጄ አድጋለች። ቤቱን እሷ ናት የያዘችው። ውኃ ትቀዳለች፣ ወጡን ትሠራለች፣ ወንድሟን ትምህርት እንዳይረፍድበት የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ስልኳ ላይ በሰው ስም ፈንታ ምልክት አድርጋበታለች፦ ለአባቷ በሬ፣ ለአያቷ አበባ፣ ለእኔ መጽሐፍ። ሰው መልእክት በጽሑፍ ሲልክላት «ድምፅ ላኩልኝ፣ እጄ ሊጥ ነው» ትላቸዋለች። ጎረቤት ያመሰግናታል። «ጨዋ ናት፣ ባለሙያ ናት» ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ካለ ቀበሌ ሽማግሌዎች መጡብን። በአማቴ በኩል የሚዛመዱን ናቸው። ልጁ ሠራተኛ ነው፣ መሬት አለው አሉ። «ገና ልጅ ናት» አልኳቸው። «ትምህርት ላይ ብትሆንማ ባልጠየቅን ነበር» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ በክፋት ሳይሆን። ባለቤቴን አየሁት። ቶሎ መልስ አልሰጠም። በኋላ እሱም «አልደረሰችም» ብሎ መለሳቸው፤ ግን ያቺ ዝምታው ከእኔ አልወጣችም። ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን ብለው ሄዱ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ልጄ ብርጭቆውን ስታነሳ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ባል የሚሆነው ሰው አንብቢ ይለኛል?»

«አይልሽም።»

«ልጅ ብወልድስ? እሱ ሲማር ‹ይሄ ምንድን ነው?› ቢለኝስ?»

«እኔ አለሁ፣ እኔ አስተምረዋለሁ» አልኳት።

ብርጭቆዎቹን ማጠብ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ «እሱም እንደኔ ከሆነስ?» አለች።

ጓደኛዬ በስልክ ይሄ ነገር አንዳንዴ በዘር እንደሚተላለፍ ነግራኛለች። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። «አይሆንም» አልኳት። ዞር ብላ ፊቴን አየችው፤ ፊቴን ማንበብ ከማንም በላይ ትችላለች።

ባለቤቴ ትናንት «ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ምን እንበላቸው?» አለኝ። «ያንኑ» አልኩት። «እስከ መቼ?» አለኝ። አላውቅም። ዛሬም እንደ ሌላው ቀን ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ፤ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው። እሷ ከኋላዬ በሩን ዘጋችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።